ሐራራ ሲነሳ
(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



እኛ ከጽሕፈት ቤቱ ሁለታችን ዘንድሮ ሲጋራ ትተናል። የምንነግራችሁ እንደ ሐኪም ሳይሆን ያየነውን ነው።

የሮቤ ብርድ፣ ይልቁንም ጎባ ስንወጣ ከሳነቴ የሚወርደው ንፋስ፣ «አንዴ ሳብ አድርግና ሙቅ» ያሰኛል። ውሸት ነው። ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ እጅና እግር ይብሱን ይቀዘቅዛል። ስንት ዓመት በገንዘባችን ብርድ ስንገዛ ኖርን!

ሐራራው የሚከፋው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግን አንዴ ሲነሳ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሳይጨስም ያልፋል። ያን ጊዜ ውሃ ጠጣን፣ የገብስ ቆሎ ቆረጠምን፣ ከተቀመጥንበት ተነስተን ሄድን። ከባዱ የቡናው ሰዓት ነው። ሲጋራ ሲቆም ቡናው ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ልብ ያስመታል፤ ስለዚህ አቦሉን ጠጥተን ቶናውን ሳንጠብቅ ወጣን። የቤት ሰዎች ተቀየሙን፣ ኋላ ገባቸው።

አንዳችን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተሰጥቶት አንዲት አጨሰ። ሳምንት ሙሉ መልሶ ያዘው፤ እንደገና ተወ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በእድራችን ድንኳንም እንዲሁ ይሁንልን። ሲጋራ ለተወ ሰውም «እንካ፣ አንዲት ምን ታደርጋለች» አትበሉብን።