የጥጥ አበባና የሚስማማው መሬት



በጉማራ ወንዝ ዳር፣ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ለፈውስ የመጣ ሰው ታጥቦ ከሙቁ ውሃ በወጣ ጊዜ፣ ብርድ እንዳይመታው አስቀድሞ የሚሻው ጋቢውን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የዚህ ጋቢ መገኛ ስለ ሆነው ተክል፣ ይኸውም ስለ ጥጥ ነው።

ጥጥ ከባሚያና ከከርከዴ ጋር አንድ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። አበባው በጧት ነጣ ወይም ቢጫ ብሎ ይፈካል፤ በማግሥቱ ወደ ቀይ ያደላና ይጠወልጋል። በስፍራው የሚቀረው ፍሬ ሃምሳ ቀን ያህል ቆይቶ ይደርቃል፤ ተሰንጥቆም ነጩን ጥጥ ያወጣል። ጥጥ በአገራችን አካባቢ የቆየ ነገር ነው፤ ንጉሥ ኤዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ የእህልና የጥጥ ማከማቻ ተጠቅሶ ይገኛል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በቢሮው ተቀምጦ ካርታ የሚመለከት ጸሐፊ፣ «ፋብሪካው በባሕር ዳር፣ ሰፊው የፎገራ ሜዳም በአጠገቡ ሳለ፣ ገበሬው ስለ ምን በዚያ ጥጥ አይዘራም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ካርታው ጭቃውን አያሳየውም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጥቁሩ መሬት ውሃውን ይዞ ይቆያል። የጥጥ ሥር ደግሞ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድና አየር የሚሻ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ይታፈናል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ፍሬውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ጥጡ የሚመጣው ከቆላው፣ ከመተማና ከቋራ፣ ከሁመራና ከአዋሽ ሸለቆ ነው። ለፎገራ የተስማማው ውሃ ወዳዱ ሩዝ ሆነ፤ በ1970ዎቹ ገብቶ ዛሬ የሜዳው ዋና ሰብል ሆኗል።

ቆላው ሲስማማም ቢሆን ሥራው ትጋትን ይጠይቃል። በዝናብ የሚያመርት ገበሬ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ይዘራል፤ በመስመርና በመስመር መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ቡቃያው ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ ያሳሳዋል፤ አረሙንም በጊዜው ያርማል። ጓይ ትል ፍሬውን እንዳይበሳበት ማሳውን ዘወትር ይጎበኛል፤ ትሉ ባሚያንም ስለሚወድ ሁለቱን አያጎራብትም። ለቀማው ጤዛ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ደረቅ ቅጠል የተቀላቀለበት፣ ወይም በፕላስቲክ ጆንያ ተጠቅጥቆ ክሩ የገባበት ጥጥ፣ በፋብሪካ ዋጋው ይወድቃል። ከለቀማ በኋላም አገዳው ተነቅሎ ካልጠፋ ትሉ ለከርሞ ይተርፋል።

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ትሉን እንዲቋቋሙ የተበጁ ሁለት የተዳቀሉ የጥጥ ዘሮች እንዲዘሩ ፈቅዷል። ይሁን እንጂ ትልን የሚቋቋም ዘር የተኛ ውሃን ይቋቋማል ማለት አይደለም። ከተዳቀለ ጥጥ የተወሰደ ፍሬም ለከርሞ ቢዘራ እንደ እናቱ አይሆንም፤ ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረው።

አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል ስለ እርሻ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ዘር የሚያከፋፍል፣ ዕቅድ የሚያጸድቅ አለ። በተሳሳተ መሬት ላይ «ይዘራ» ብሎ የሚፈርም ሰው ደመወዙ አይጎድልበትም፤ ገበሬው ግን የዓመት ቀለቡን ያጣል። ስለዚህ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ስፍራው ወርዳችሁ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ፤ የአገሩንም ሽማግሌ «ክረምት ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጠላችሁን ስትደርቡም፣ ያ ነጭ ክር የሚስማማውን መሬት ባወቀ ሰው እጅ የበቀለ መሆኑን አትርሱ።