የመርከበኛው የቤት ፊልም



ፊልም ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው በሲኒማ ቤት የሚታየው ትልቁ ሥራ ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ትንሹ ፊልም ነው፤ አባት ልጆቹን ስለሚያነሣበት፥ ለቤተ ሰብ እንጂ ለገበያ ስላልተሠራው ፊልም። ምሳሌ አድርገን የምንወስደው የፖላንድን መርከበኛና ቤተ ሰቡን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በባልቲክ ባሕር ዳር የሚገኘው የግዲኒያ ወደብ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ወደብ ተሠርቶለት ፈጥኖ ከተማ ሆነ። በ1936 ሥራ ጀምራ በ1969 ያበቃችው ባቶሪ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ የፖላንድ ሕዝብ የሚኮራባት ነበረች። በኮሙኒስት አገዛዝ ዘመን፥ እስከ 1989 ድረስ፥ ተራው ዜጋ ወደ ምዕራብ አገሮች ለመሄድ ፈቃድ የሚያገኘው በብዙ ደጅ ጥናት ነበር። መርከበኛው ግን ሥራው ራሱ ከአገር የሚያወጣው ሰው ነው። ስለዚህ ይዞት የሚመለሰው ፊልም ቤተ ሰቡ ሊሄድበት ያልቻለውን ዓለም የሚያሳይ መስኮት ነበር።

ባለ 8 ሚሊሜትር ፊልም በ1932 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ፊልም ማንሣት በመጠነኛ ገንዘብ የሚቻል ሆነ። አንዱ ጥቅል የሚፈጀው አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ድምፅም የለውም። ባለ ካሜራው እንግዲህ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በባሕር ሳለ የሩቅ አገር ወደብን፥ ዕቃ የሚያወርዱ ሠራተኞችን፥ የምድርን ወገብ ሲሻገሩ አዲሶቹ መርከበኞች በጨዋታ የሚጠመቁበትን ሥርዓት ያነሣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ እርሱ በሌለበት ቁመት የጨመሩትን ልጆቹን ያነሣል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ካሜራውን የሚይዘው አባት ስለ ሆነ፥ በፊልሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። በባሕር ሳለ ከቤቱ የራቀው ሰው፥ በቤቱም ሳለ ከሥዕሉ ይቀራል። ጥቂት ጊዜ ከታየ፥ ሥዕሉ ዘመም ያለ ይሆናል፤ ካሜራውን የያዘው ሚስቱ ወይም ልጁ ነዋ!

ይህ ለሌላው ሰው ምን ይጠቅማል? የሚል ቢኖር፥ እዚያው ፖላንድ የሆነውን እንንገረው። በ1938 በአሜሪካ ይኖር የነበረ ዴቪድ ከርትዝ የተባለ ሰው የተወለደባትን ናሲየልስክ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ሊጎበኝ ሄዶ ሦስት ደቂቃ ያህል ፊልም አነሣ። ልጆች ለመታየት ሲጋፉ፥ ሰዎች ከምኩራብ ሲወጡ ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነት ሆነ። 3,000 ከሚሆኑት የከተማይቱ አይሁዶች የተረፉት 100 እንኳ አይሞሉም። ፊልሙን በ2009 የልጅ ልጁ አገኘው፤ በ2021ም ቢያንካ ስቲግተር ከእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ዶክመንተሪ ሠራች። ለሽርሽር መታሰቢያ ተብሎ የተነሣው ፊልም የጠፋ ሕዝብ ምስክር ሆነ።

ሆኖም በፊልሙ ከሚታዩት 150 ያህል ፊቶች ስማቸው የታወቀው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ይህም የተገኘው፥ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ የነበረ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ተርፎ ራሱን በፊልሙ ስላየና ጓደኞቹን በስም ስለ ጠራ ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ስማቸውን ማን በነገረን?

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ፊልም ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ ፊትን ያወርሳል፥ ስምን ይረሳል። ስለዚህ የመርከበኛው ልጆችም ሆኑ የቤት ፊልም የወረሰ ሁሉ፥ ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ የሰውን ስም፥ ስፍራውንና ዓመቱን በሣጥኑ ላይ ይጻፉ። ፊልሙንም በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ያኑሩት። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯልና፥ በአሮጌ የፊልም ማሳያ መኪና ከማዞር ተቈጥበው ፈጥነው ለባለ ሙያ ያሳዩት።

ፊልሙ ጥቂት ዘመን ይጠብቀን ይሆናል፤ ስም የሚያውቀው ሰው ግን አይጠብቀንም።