የዚያ ዓመት ማር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ስለ ንብ እንድንናገር ነው የተጋበዝነው፤ ከንቡ በፊት ግን ተራራው አለ። ከቀያችን በላይ ያለው ተራራ በልጅነታችን ድንጋይና ቦረቦር ነበር። ከብት እንዳይገባበት ተከለለ፣ እርከን ተሠራበት። ግራሩና ወይራው ማንም ሳይተክላቸው ከጉቷቸው አቆጠቆጡ። ቀፎዎቻችንን ከሥሩ አስቀመጥን። ንብ የወንድ ሥራ ነው ሲባል የኖረው ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ ስለሚሰቀል ነው፤ ዘመናዊው መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፣ ቀሚስ ለብሶም ይደረስበታል።

በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ሸሸን። ስንመለስ ቀፎዎቹ ተገለባብጠው፣ ንቡ ጠፍቶ አገኘን። ከመካከላችን ባሏን የቀበረች አለች። ልጇ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ ያልሰማችም አለች።

ለቅሶው ሳያልቅ እህል አለቀ። ያን ጊዜ በተራራው ተጣላን። ግማሾቻችን ዛፉን ቆርጠን ከሰል እናክስል አልን። ይህን ያሉት ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸው የራባቸው እናቶች ነበሩ። ቡና እንኳ ሳንጠራራ ሰነበትን። በመጨረሻ ሳሩን አጭደን ልንሸጥ፣ ግንዱን ላንነካ ተስማማን። ሳሩ ብዙ አላወጣም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም።

አንዷ እህታችን ግን አንድ የተረፈ ቀፎ ጠግና በወይራ ታጥነው ነበር። «ለማን ነው የምታጥኚው?» እያልን እንስቅባት ነበር። በመስከረም አደይ አበባው ሲፈነዳ የንብ መንጋ ገባበት። ከጦርነቱ ወዲህ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትደነግጠው ጓደኛችን አመሻሽ ላይ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ ቆመች። ብንጠራትም አልመጣችም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። ጉንዳን እንዳይወጣ በመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ ነሰነስን፤ በበጋ አበባ ሲጠፋ ከየቤታችን ሽሮና ስኳር አዋጣን። ለልጅ ያልተረፈ ስኳር ለንብ ሲሰጥ ያጉረመረመች ነበረች፤ እውነቷን ነው።

በዓመቱ ኅዳር ማር ቆረጥን። ደጋፊዎቻችን ስንት ኪሎ እንደተሸጠ ትጠይቁናላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ማር ገበያ አልወጣም። ለሁላችንም ሙታን አንድ ቀን ቆርጠን በላይነት ተቀመጥን፤ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ እንዲጠጣው ጠጅ ሳንጥል ብርዝ በጠበጥንበት። በሒሳብ መዝገባችን የዚያ ዓመት ሽያጭ ባዶ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው።