ከሥራ ሰዓት በኋላ የዘመሩ ሰዎች፤ የዌልስ ብሔራዊ ኦፔራ ኅብረ ዝማሬና ኦርኬስትራ



ስለ አንድ የኦፔራ ቡድን ሲነገር ዘወትር ስማቸው የሚነሣው ዋነኞቹ ድምፃውያንና ሙዚቃ መሪው ናቸው። ከኋላ ቆሞ በጋራ የሚዘምረውና ከመድረኩ ግርጌ ተቀምጦ የሚያጅበው ወገን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ይቀራል። ዛሬ የማወሳላችሁ የእነዚህን የደቃቅ ፊደል ሰዎች ታሪክ ነው። አገሩ ዌልስ ነው፤ ዓመታቱንም ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

በብሪታንያ ደሴት ምዕራብ የምትገኘው ዌልስ በከሰል ድንጋይና በዝማሬ የታወቀች አገር ነበረች። በደቡቡ ሸለቆዎች ሳምንቱን ከምድር በታች ሲቆፍር የሰነበተው ሠራተኛ እሑድ በጸሎት ቤቱ ተገኝቶ በአራት ድምፅ ይዘምር ነበር። ከዘማሪዎቹ ብዙዎቹ ባለ አምስት መስመሩን ኖታ ማንበብ ባይችሉም፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚሉትን ስሞች በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ በሚጽፍ ቀላል ዘዴ ረጃጅም ድርሰቶችን ያጠኑ ነበር። ድምፅ እንዲህ ሞልቶ ሳለ አገሪቱ የራሷ ቋሚ የኦፔራ ቡድን አልነበራትም። በ1943፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ኢድሎይስ ኦዌን የተባለ የካርዲፍ ከተማ የድምፅ መምህር ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ የዌልስ ብሔራዊ ኦፔራን ሲመሠርት፣ ዋነኛ ሀብቱ ይኸው የሕዝብ ድምፅ ነበር።

ቡድኑ በካርዲፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ሚያዝያ 15 ቀን 1946 ነው። የቀረቡት የማስካኚ «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» እና የሌኦንካቫሎ «ፓልያቺ» ነበሩ። ከዘማሪዎቹ መካከል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች፣ መምህራንና ሐኪሞች ይገኙ ነበር፤ ደሞዝም አልነበራቸውም። ኦርኬስትራው ግን ባለሙያ ነበርና ይከፈለው ነበር። ስለዚህ በዚያ ምሽት ከመድረኩ በላይ የነበረው ሕዝብ በፍቅር፣ ከመድረኩ በታች የነበረው ደግሞ በክፍያ ይሠራ ነበር ማለት ነው። «አማተር» የሚለውን ቃል እኛ አንዳንድ ጊዜ ለስድብ እንጠቀምበታለን፤ የቃሉ ሥር ግን «ወዳጅ» ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቡድኑን ስመ ጥር ያደረገው በ1952 ያሳየው የቨርዲ «ናቡኮ» ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ድርሰት በብሪታንያ መድረክ ላይ እምብዛም የማይታይ ነበር። ምርጫው ብልኅነት ይመስለኛል። ታላላቅ ድምፃውያንን የሚቀጥርበት ገንዘብ የሌለው ቡድን፣ ዋነኛው ባለታሪክ የተሰደደው ሕዝብ ራሱ የሆነበትን ድርሰት መርጧልና። በ1955 ቡድኑ ለንደን ሄዶ በሳድለርስ ዌልስ ቴአትር ሲጫወት ሰሚውን ያስደነቀው ይኸው ኅብረ ዝማሬ ነበር። ኦርኬስትራው ግን የራሱ አልነበረም፤ ከደቡብ እንግሊዝ ከቦርንማውዝ፣ በኋላም ከሌሎች ከተሞች በውሰት የሚመጣ ነበር። የውሰት ኦርኬስትራ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም፤ ዘማሪውና ተጫዋቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ መልመድ ሲጀምሩ የጊዜው ውል ያልቃል።

ችግሩ በዘማሪዎቹም በኩል ነበር። ቀን ሥራ ያለው ሰው ልምምዱ ማታና በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ደግሞ የዓመት ዕረፍቱን መሠዋት አለበት። ከ1968 ጀምሮ ደሞዝተኛ ዘማሪዎች ይቀጠሩ ጀመር፤ በ1973 ኅብረ ዝማሬው በሙሉ የባለሙያ ሆነ። በመካከሉ፣ በ1970፣ ዌልስ ፊልሃርሞኒያ የተባለ የቡድኑ የራሱ ኦርኬስትራ ተቋቋመ። ኦርኬስትራው የመጣው ቡድኑ ከተመሠረተ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ቤቱን በዕረፍት ጊዜያቸው የሠሩት ሰዎች፣ ቤቱ ሲጠናቀቅ ቦታቸውን ለሌላ ለቀው መውጣታቸውን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ፍሬው ግን ፈጥኖ ታየ። በሙዚቃ መሪው ሪቻርድ አርምስትሮንግ ዘመን፣ ከ1975 ጀምሮ፣ ከስኮትላንድ ኦፔራ ጋር በመተባበር የያናቼክ ድርሰቶች ተራ በተራ ቀረቡ። በ1979 ኦርኬስትራው የቡድኑን ስም ተሸከመ፤ በዚያው ዓመት የ78 ዓመቱ አዛውንት ሬጂናልድ ጉዶል የቫግነርን «ትሪስታንና ኢዞልዴ» መራ። ጉዶል ዝግ ብሎ የሚመራ፣ ድምፃውያኑን አንድ በአንድ ለብዙ ሰዓት የሚያስጠና፣ ረጅም ልምምድ ካላገኘ የማይረካ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በውሰት በመጣ ኦርኬስትራ ምን ሊሠራ ይችል ነበር? ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚውል ኦርኬስትራ ስላገኘ ግን ሥራው በሸክላ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

ቡድኑ በ2004 በካርዲፍ ወደ ተሠራው የዌልስ ሚሌኒየም ማዕከል ገባ። በ2022 ደግሞ በእንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲጫወት ይረዳው የነበረው የእንግሊዝ የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ዓመታዊ ድጎማውን ከ6.1 ሚሊዮን ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ቀነሰበት። በ2024 የኦርኬስትራው አባላት ከሙሉ ጊዜ ወደ ከፊል ጊዜ ቅጥር እንዲዛወሩ፣ የዘማሪዎቹም ቁጥርና ደሞዝ እንዲቀነስ ሐሳብ ቀረበ። ሁለቱም ወገኖች በየሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል ተቃውሞ ለማድረግ ድምፅ ሰጡ። በከፊል ጊዜ የተቀጠረ ተጫዋች የጎደለውን እንጀራ ከሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ያ ሌላ ሥራ ደግሞ የልምምዱን ሰዓት ይወስንበታል። ይህ በ1960ዎቹ የነበረው ችግር ነው። የያኔው ዘማሪ ግን የማዕድን ቤቱ ደሞዝ ነበረው፤ በደሞዙም ሳያውቀው ኦፔራውን ይደጉም ነበር። ዛሬ የደቡብ ዌልስ የከሰል ጉድጓዶች ከሞላ ጎደል ተዘግተዋል።

አሁን ከጉዶል ሸክላ የመጀመሪያውን ክፍል መጨረሻ አሰማችኋለሁ፤ መርከቡ ወደብ ሲደርስ መርከበኞቹ የሚዘምሩበትን ማለቴ ነው። ኅብረ ዝማሬው የሚሰማው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ በጥሞና እንድታዳምጡ እለምናለሁ።