ትልቅ ቸርኬ ከመግዛታችን በፊት

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ጎማ ምን አገባት እንዳትሉኝ። በማኅበራችን ብድር መኪና ገዝተው ለሥራ ያሰማሩ እህቶች አሉን። አሁን አሁን ደግሞ «መኪናዋ እንድታምር ትልቅ ቸርኬ ከነጎማው ላስገባላት» የሚል የብድር ጥያቄ እየመጣ ነው። ማማር አይጠላም። ግን ገንዘቡ የጋራችን ነው፤ የሚሳፈረውም የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እንይ። በአሮጌ ኮሮላዎች ላይ የተለመደው 175/70 R13 ነው። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ 122.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 13 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው፤ ወደ ሚሊ ሜትር ሲቀየር 330.2 ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለቴ ይደመራል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት 575.2 ሚሊ ሜትር መጣ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማነስ አለበት፤ ጠቅላላ ቁመቱ ግን እንደነበረ ይቆይ። ወደ 15 ቸርኬ ስንሄድ 195/50 R15 ብንመርጥ ቁመቱ 576 ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። «15 ከሆነ ይበቃል» ብለን 195/65 R15 ብናስገጥም ግን 634.5 ይደርሳል፤ ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ። የተለመደው ምክር ከ3 በመቶ እንዳያልፍ ነው።

ሲያልፍ ምን ይሆናል? መሪው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። ቆጣሪው 60 ሲል መኪናዋ 66 ትሮጣለች። በ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየረው ዘይት ከ5,500 በኋላ ይቀየራል። በእኔ መዝገብ ላይ ደግሞ 110 ኪሎ ሜትር የተነዳው 100 ተብሎ ይገባል፤ ነዳጁ የባከነ ይመስላል፤ ሹፌሩም ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል።

ቁመቱ ቢስማማም ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው የክብደት ቁጥር ከቀድሞው እንዳያንስ፤ 82 ከሆነ አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የቸርኬው ስፋት ለጎማው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና ርቀት ደግሞ ለመኪናው ይስማሙ። ሦስተኛ፣ መንገዱን እናስብ። በ195/50 ጎኑ 97.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል፣ ጎማውም ያብጣል።

መኪናዋ በኮብልስቶንና በፒስታ የምትሠራ ከሆነ የእኔ ምክር በፋብሪካው መጠን መቆየት ነው። የግድ ከተባለ በአንድ ኢንች ብቻ እንጨምር፤ 185/60 R14 ቁመቱ 577.6 ነው፣ ጎኑም 111 ይተርፈዋል።

ከእንግዲህ የቸርኬ ብድር የምትጠይቅ እህት የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ከነስሌቱ ከማመልከቻዋ ጋር ታያይዝ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስሌቱ ካስቸገራት ቢሮ ትምጣ፣ አብረን እንሠራዋለን። ጎሚስታው ጎማውን ከገጠመው በኋላ ሻጩ መልሶ አይቀበልም፤ ብድሩ ግን በየወሩ ይከፈላል።