ሙዚቀኛ ለምን ይደክማል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እስከ ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ የምታውቁኝ ክራር ይዤ ስቀመጥ እንጂ ንግግር ሳደርግ አይደለም። ስለዚህ አንደበቴ ቢሰናከል ክራሩን ስላልያዘ ነው ብላችሁ ይቅርታ እንድታደርጉልኝ እለምናለሁ። ክራሬ የት እንዳለ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ልናገር ያሰብሁት ስለ አንድ ዓይነት ሙዚቀኛ ነው። ይኸውም ማንም ሳይቀጥረው፣ ገበያው ምን ይፈልጋል ብሎ ሳይጠይቅ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ጊዜ ዜማ የሚሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለምን ይደክማል? የሚያስቸግረውስ ምንድን ነው? ምንስ ያዳምጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንደ አቅሜ በተራ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ሙዚቀኛ ለምን ይደክማል ሲባል ብዙ ሰው «ለስምና ለገንዘብ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። ለአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአቶ ኃይሉ መርጊያን ታሪክ የሰማ ሰው ይህ መልስ እንደማይበቃ ይረዳል። አቶ ኃይሉ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያልቅ ከባልደረቦቻቸው ከፊሉ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ እርሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ለብቻቸው ወደ አንድ ትንሽ የመቅጃ ክፍል ገብተው አኮርዲዮኑንም፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፣ ሲንተሳይዘሩንም ራሳቸው እየተጫወቱ፣ የከበሮውን ምት በመሣሪያ እየሞሉ አንድ ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮን በልጅነታቸው የተማሩት መሣሪያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በኦርጋንና በሲንተሳይዘር ተተክቶ እየተረሳ ነበር። እርሳቸው የፈለጉት ያንን የቆየ ድምፅ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ማስታረቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን ለመምራት ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ይሁን እንጂ በታክሲው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበራቸው። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዱን አውጥተው በኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ያን ጊዜ የሚያጨበጭብ ማንም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ካሴታቸውን ባሕር ዳር ያገኘ አንድ አሜሪካዊ እንደገና አሳተመውና ወደ መድረክ ተመለሱ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ሥራ አወጡ። ከ1985 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ 28 ዓመት ነው! በእነዚህ ዓመታት ጣታቸውን ያሠራው ስም ነው እንዳንል ስም አልነበረም፤ ገንዘብ ነው እንዳንል ገንዘቡ የመጣው ከታክሲው ነው። እንግዲህ የቀረው ምክንያት አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ ሰውየው ዜማውን ሳይጫወት መዋል ስለማይችል ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ላንሣ። እኒህ እናት እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉ ናቸው። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ተስፋ ነበራቸው፤ ዕድሉ ግን ሳይሳካ ቀረና እጅግ አዝነው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ። ሆኖም ፒያኖውን ጨርሰው አልተዉትም። በ1967 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን አገር ተቀረጸ፤ ከሥራቸው የሚገኘውንም ገንዘብ ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት አዋሉት። ስለዚህ ዜማ ለራስ መጽናኛ፣ ለሌላው ደግሞ እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ከእርሳቸው እንማራለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ችግሩ ነው። እዚህ ላይ ከሌሎች ይልቅ ስለ ራሴ ብናገር ይቀለኛል። እኔ የምቀዳው በስልክ ነው። ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ዜማው ደኅና ደርሶ ሊያልቅ ሲል የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል፤ ዶሮው ዝም ሲል መብራት ይጠፋል። አንድ ጊዜ የሻይ ገንዘቤን ሦስት ወር አጠራቅሜ ለአንድ የመቅጃ ቤት ከፍዬ ነበር። ባለቤቱ «ነገ ና» እያለ አመላለሰኝ፤ ሥራውንም ገንዘቡንም ሳላገኝ ቀረሁ። ጓደኞቼም «የታወቀ ዘፈን ብትጫወት ሰው ይሰማህ ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የሌላውን ዘፈን ስጫወት ጣቴ ይደሰታል፤ የራሴን ስጫወት ግን እኔ ራሴ እደሰታለሁ። ልዩነቱን ከዚህ የተሻለ ልገልጸው አልቻልሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሒሳብ ፈተና ከመቶ 41 አገኘሁ። አባቴ ወረቀቱን አይተው ምንም አልተናገሩም። ክራሬን አንሥተው ከሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉንም ከኪሳቸው ከተቱ። ቀጥለው «ልጄ አዝማሪ ይሆናል ብዬ አይደለም ያስተማርሁህ» አሉኝ። በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። ተቆጥቼም ነበር። ሲነጋ ግን 41 ያመጣሁት እኔ እንጂ ክራሩ እንዳልሆነ ለራሴ አመንሁ። ስለዚህ አባቴን አልወቅስም። በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሊሆን አይገባውም ነበር። የአባቶቻችንን ሐዘንና ደስታ፣ ቀልድና ተግሣጽ በማሲንቆ ተሸክሞ ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገረው አዝማሪ ነውና።

ሦስተኛው ጥያቄ ሙዚቀኛ ምን ያዳምጣል የሚለው ነው። ይህን የተማርሁት ክራር ባልነበረኝ ጊዜ መሆኑ ያስገርመኛል። እጄ ሥራ ሲፈታ ጆሮዬ ሥራ ጀመረ። ቀድሞ አንድን ዘፈን ሰምቼ ወደ ሌላው እሮጥ ነበር። አሁን ግን አንዱን ዘፈን አምስት ጊዜ አዳምጣለሁ። በመጀመሪያ ድምፃዊውን ብቻ እከተላለሁ፤ ቀጥሎ ቤዝ ጊታሩን፣ ቀጥሎ ከበሮውን፤ በአራተኛው ጊዜ ሁሉም ዝም የሚሉበትን ቦታ እፈልጋለሁ። በአምስተኛው ጊዜ ሁሉንም በአንድነት ስሰማ ዘፈኑ አዲስ ሆኖ ይቆየኛል። ደግሞም ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ፣ ሳልጠይቅ ለመለየት ራሴን እፈትናለሁ። ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ።

ማዳመጥ ደግሞ ለዘፈን ብቻ አይደለም። እናቴ ቡና ስትወቅጥ የሙቀጫው ምት አለ። የታክሲ ረዳት መንገደኛ ሲጣራ ዜማ አለው። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚሰማው ድምፅ በሰፈራችን ሰማይ ላይ ሲገናኝ ያዳመጠ ሰው ያን ቀን ባዶ ጆሮ ይዞ አይውልም። የውጭ አገርንም ዜማ መስማት መልካም ነው። አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ይማራል ተብለው ወደ ብሪታንያ ከተላኩ በኋላ ወደ ሙዚቃ አዘንብለው፣ የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት ፈጠሩ። የሌላውን ሰምተው ይህን ሊያደርጉ የቻሉት ግን የራሳቸውን ስላልጣሉ ነው።

አንድ ማታ ከመብራት በታች የሒሳብ ጥያቄ እየሠራሁ አንድ የቆየ የመኸር ዜማ በፉጨት እል ነበር። አባቴ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «እንደዚያ አይደለም፤ መጨረሻው ይወርዳል» አሉኝ። ራሳቸውም ቀስ ብለው በአፋቸው አወረዱት። ለካስ አያቴ በማሳ ላይ ሲያዜሙት አባቴ በልጅነታቸው ተከትለው ይዘውት ኖሯል። ዐሥራ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። ምክንያቱም ከሳቸው ጋር ሰዓቱን ሁሉ ስከራከር ኖርሁ እንጂ አንድም ቀን አላዳመጥኋቸውም።

ክራሬ ዛሬም በሣጥኑ ውስጥ ነው። ቁልፉ በአባቴ ኪስ ነው፤ አባቴም ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ሒሳቤ ባለፈው ወሰነ ትምህርት 68 ደርሷል። 75 ሲሞላ ሊከፍቱልኝ ቃል ገብተዋል፤ እኔም ቃላቸውን አምናለሁ። ከፈተናው በኋላ ምን እንደምማር ግን ገና አልተስማማንም። ይህን በሰው ፊት የምናገረው እርሳቸውን ለማሳፈር አይደለም። እንደ እኔና እንደ እርሳቸው ያሉ ብዙ አባትና ልጅ በዚህ አዳራሽ እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምለምነው፣ ልጃችሁ የሚሠራውን ዜማ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ በኋላ ብትከለክሉትም ሰምታችሁ ነው። መምህሮቻችንን የምለምነው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን አንድ ክፍል ለሙዚቃ ልምምድ ክፍት ይሁንልን። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ሙዚቃን የደብተር ማምለጫ አታድርጉት። በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተለማመደው ሰው መሪውንም በደንብ ይዞ ነበርና።

ትምህርት ቤታችን ብዙ የምሥረታ በዓል ለማክበር ያብቃው!