ገራባና ፌስታል

የዛሬው ንባባችን ስለ ቆሻሻ ነው። ትምህርቱ በርቀት ነው፤ በሬዲዮ ትሰማላችሁ፣ በራሳችሁ ግቢ ትሠራላችሁ።

አስቀድመን ሁለት ቃላት እናንብብ። ገ-ራ-ባ። ፌ-ስ-ታ-ል።

ገራባ ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት ነው። ይበሰብሳል። ፌስታል አይበሰብስም። አምና የጣላችሁት ዛሬም አለ። ዱሮ ጫት በኮባ ቅጠል ይጠቀለል ነበር፤ ኮባው ከገራባው ጋር አፈር ይሆናል። ዛሬ ፌስታል መጣ። ፍየሏ ገራባ ስትለቅም ፌስታሉንም ትውጣለች። ፌስታሉ ሆዷ ውስጥ ይከማቻል። ሣር ፊቷ እያለ ትከሳለች፣ ትሞታለች። ፍየል ለአንድ ቤት ምን እንደሆነች ለሐረርጌ ሰው አይነገርም! ላቃጥለው ብትሉም ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ቀድሞ የተጣለውን ግን አዋጅ አይለቅመውም። እኛው እንልቀመው። ለብቻው በጆንያ አድርጋችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡ።

ፍየል ያልበላችውን ገራባ ቆራርጣችሁ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩ። እንጨቱ ካልተቆረጠ ቶሎ አይበሰብስም። እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር ደርቡበት። ውሃ አርከፍክፉ፤ አታጥለቅልቁት። በየወሩ አገላብጡት። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። ለማሽላው ማሳ ነው።

ለሚቀጥለው ትምህርት ደብተራችሁን ከሁለት ክፈሉ። ከግቢያችሁ ከሚወጣው ቆሻሻ የሚበሰብሰውን በቀኝ፣ የማይበሰብሰውን በግራ ጻፉ። ፊደል ቢጠፋችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ደህና ሁኑ።